ልፋትና ኑሮ መፋታታቸውን ለማሳወቅ የወጣ የፌዝ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

እኛ፥ ሥዩመ ገበያ ግርማዊ ኑሮ ውድነት፥ ከሮቢትና ከጎብዬ አንሥቶ በቆቦ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ፥ በወፍጮ ቤቱም፥ በሱቁም፥ በእህል በረንዳውም ላይ የነገሥን፥ አማራሪ እንጂ ተቀናቃኝ የሌለን ገዥ፥ ጀምበር ሳትወጣ ተነሥታችሁ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የምትገቡ ትጉሃን ተገዦቻችን ሁሉ ይህን ቃላችንን በጽሞና ታደምጡ ዘንድ እናዝዛለን።

የሠራ ሰው ያገኛል፥ የለፋም ሰው ኑሮው ይሻሻላል የሚል፥ ከአባቶቻችሁ የወረሳችሁት አንድ እምነት እስከ ዛሬ በመካከላችሁ እንዳለ ሰምተን እጅግ አዝነናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ሥራ ጠል ከማዕድ እንዲከለከል ለተሰሎንቄ ሰዎች መጻፉን እናውቃለን፤ ነገር ግን ሲሠራ ውሎ ማዕዱን ስላጣው ሰው ምን እንደሚደረግ በዚያ መልእክት ውስጥ ስላላገኘን፥ ክፍተቱን በራሳችን አዋጅ መሙላት ግድ ሆኖብናል። ስለዚህ ልፋትና ኑሮ ከእንግዲህ ወዲህ የተፋቱ መሆናቸውንና ንብረታቸውም ተከፍሎ ድካሙ ለልፋት፥ ፍሬው ለሌላ መሰጠቱን በዚህ አዋጅ አስታውቀናል።

ዙፋናችንን ለመነቅነቅ ያልተሞከረ ነገር የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን በአዋጅ በከለከሉ ጊዜ ደንግጠን ነበር፤ ሰው ከተከበረ ቀጥሎ ይከፈለኝ ማለቱ አይቀርምና። እንደ ፈራነው አልሆነም፤ ስድቡ ከአደባባይ ራቀ (ከጓዳ አልራቀም ይላል ጸሐፌ ትእዛዛችን)፥ ዋጋው ግን አልቀረበም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ጭሰኛው ለባለ መሬት ከመገበር ነጻ በወጣ ዕለት ደግሞ ሻንጣችንን አዘጋጅተን ነበር። ያ ሕግ ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 10 ሄክታር ቢፈቅድም፥ ሰው ሲበዛ መሬት አብሮት ስለማይበዛ፥ ዛሬ የአባታቸውን ጥቂት ጥማድ ለመካፈል በገመድ የሚለኩ ወንድማማቾች ዘውዳችንን አጽንተውልናል። ሕጉ ከወጣ በ10 ዓመቱ፥ በ1977 ዓ.ም.፥ ከቆቦ በስተ ሰሜን በኮረም ሜዳ ላይ የወደቀው ሕዝብ ሰነፍ ሆኖ አልወደቀም፤ ሲያርስና ሲያርም የኖረ ሕዝብ ነበር። (እዚህ ላይ ጸሐፌ ትእዛዝ ብዕሩን ስላቆመ፥ ቀጥል አልነው።)

አንቀጽ አንድ። ስለ ማሽላ።

በቆላማው ራያ የሚኖር አራሽ ሁሉ እስከ ዛሬ ሲለፋ እንደ ኖረ እንዲለፋ ተፈቅዶለታል። በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ደገለት የተባለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዝራ፤ ዝናቡ ቢከዳው ማሳውን ገልብጦ ፈጥኖ የሚደርሰውን ይዝራ፤ ይህም ቢከዳው በሐምሌ ጤፍ ይበትን፤ ለአንድ መሬት ሦስት ጊዜ ዘር ማውጣቱን እኛ ትጋት እንለዋለን እንጂ ኪሣራ አንለውም፤ ኪሣራው የእርሱ ነውና። በምዕራብ በኩል ባሉት የላስታ ተራሮች ላይ ሰማዩ ሌሊት ሲያጉረመርም ሰምቶ፥ አካፋና ዶማውን አንሥቶ፥ በጨለማ ወጥቶ፥ የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ በአፈርና በእሾህ ክትር ጠልፎ ወደ ማሳው ይምራ። ጎርፉ ከደጋው ለም ደለል ቢያመጣለት እግዚአብሔርን ያመስግን፤ ማሳውን ቦርቡሮ ቢወስድበት ግን የሚከስሰው ስለሌለ ክትሩን እንደ ገና ይሥራ።

ማሽላው ጥቂት ከፍ ሲል አቀንጭራ ከሥሩ ተጣብቃ፥ ምግቡን ከምድር ውስጥ እየጠባች፥ ለዓይን ያማረ ሐምራዊ አበባዋን ታወጣለች። ተመራማሪዎች ይህችን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በዚሁ በግዛታችን ስም ጎብዬ ብለው በሰየሙ ጊዜ ነገሩ ወዴት ያደርሰናል ብለን ሠግተን ነበር፤ ሊቃውንቱ ከእህሉ ሥር የሚጣበቀውን እንጂ ከእህሉ ዋጋ ሥር የሚጣበቀውን የሚቋቋም ዘር ገና እንዳላወጡ ስንረዳ ግን እንቅልፍ ወሰደን። እሸቱ ሲያሽት ገበሬው ልጆቹን ወንጭፍ አስይዞ ማማ ላይ ያውጣ፤ ግሪሳ ከንጋት እስከ ምሽት ይጠበቅ፤ ከትምህርት ቤት ስለ መቅረታቸው በሌላ ቀንና በሌላ ስብሰባ እንወቅሳቸዋለን። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ በደረሰ ሰብል ላይ በወረደ ጊዜ ሕዝቡ ቆርቆሮ እየደበደበ፥ ጅራፍ እያጮኸ፥ ሽማግሌው ከሕፃኑ ጋር በማሳው መካከል ሲሮጥ መዋሉን በዓይናችን አይተናል። በዚያ ቀን የሰነፈ አልነበረም፤ ከብዙው ማሳ የተሰበሰበው ግን ራቁቱን የቀረ አገዳ ነበር። ይህን ያየ ሰው፥ ራያ የተቸገረው መሥራት ስላልወደደ ነው ብሎ በአዳራሽ ቢናገር ዐሥር ጊዜ እንዲጨበጨብለት አዘናል።

አንቀጽ ሁለት። ስለ ሽንኩርት።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ ውኃ በኤሌክትሪክ ኃይል ከምድር ሆድ እየተሳበ፥ ሰማይን ለምኖ ሲያርስ የኖረ ሕዝብ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት በጀመረ ጊዜ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከዘመናችን ሁሉ የፈራነው በዚያን ጊዜ ነው። ውኃ ካለ ልፋት ፍሬ ያፈራል የሚለው ክህደት እንደ ገና ነፍስ ሊዘራ ሆነ። ስለዚህም በፍጥነት የሚከተለውን ደነገግን። ውኃውን ያገኙት ሁሉ በአንድ ወራት ተክለው በአንድ ወራት ያንሡ፤ ሽንኩርት ሲቆይ የሚበሰብስ ዕቃ ስለ ሆነ የሚያቆዩበት መጋዘን አይኑራቸው፤ ለዘርና ለመድኃኒት የተበደሩት ገንዘብ መመለሻውም ያው የመከር ሳምንት ይሁን። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ሌላ ኃይል መጠቀም አያስፈልገንም፤ አንድ ደላላ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ከማሳው ዳር መቆሙ ብቻ ይበቃል። የሽንኩርቱን ዋጋ የሚቆርጠው ዶማ ያልጨበጠው ሰው ሲሆን፥ ዋጋው የማይስማማው ገበሬ ግን ሙሉ ነጻነት አለው፤ ሽንኩርቱን መልሶ መቅበር ይችላል። ያው ሽንኩርት አዲስ አበባ ሲደርስ የቤት እመቤቶችን የሚያስለቅሰው ገና ሳይከተፍ ነው፤ ሻጩም ገዢዋም በአንድ ቀን እኛን ማማረራቸው የግዛታችንን ስፋት ያስረዳል። ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ጉድጓዱ ሲኖር ሞተሩ፥ ሞተሩ ሲኖር መብራቱ ይጠፋልና፥ ይህን አንቀጽ ለማስፈጸም ተጨማሪ በጀት አልጠየቅንም።

ሐሰተኛ እንዳንባል የምናምነው አንድ ነገር አለ። ሽንኩርት ሸጦ አይሱዙ የገዛ፥ ፎቅም የጀመረ ገበሬ በግዛታችን ውስጥ አለ። ሰውየው ታታሪ ነው፤ ጎረቤቶቹም እንዲሁ ታታሪዎች ናቸው፤ ልዩነቱ እርሱ ዋጋ በወጣበት ሳምንት መሸጡ፥ እነርሱ ዋጋ በወደቀበት ሳምንት መሸጣቸው ነው። ይህን ሰው ሞዴል አርሶ አደር ብለን ሜዳልያ አጥልቀንለታል፤ በየስብሰባውም እናቆመዋለን፤ ያልቀናቸው ሁሉ ወደ እርሱ እየተመለከቱ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እንዲፈልጉ ያገለግለናልና።

አንቀጽ ሦስት። የለፋ ሁሉ ይመሰገናል፤ ምስጋናም ከግብር ነጻ ነው።

አንቀጽ አራት። ስለ ሴፍቲኔት።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የዓመት ቀለቡ የማይሞላለት ድኻ እርከን እየሠራ፥ መንገድ እየጠረገ፥ ችግኝ እየተከለ ስንዴ ወይም ገንዘብ እንዲቀበል የተሠራውን ሥርዐት፥ ስንት ነፍስ እንዳተረፈ ስለምናውቅ በክፉ አናነሣውም፤ በተራራው ላይ የተደረደረውም ድንጋይ የሕዝቡን ወዝ ይመሰክራል። ደስ የሚለን በውስጡ ያለው ምርቃት የተባለው ጥበብ ነው። ሌላው ሰው ተምሮ ሲመረቅ ደመወዝ ይጀምርለታል፤ የሴፍቲኔት ሰው ግን ሲመረቅ ይቋረጥበታል። አንዲት ባልቴት ከቀለቧ ቆጥባ፥ ሁለት በግና አንዲት ጊደር አድርሳ፥ ከድህነት ወጥተሻል ተብላ እንደ ተመረቀች በማግሥቱ ዝናቡ ቢቀር፥ ጊደሯን ሸጣ እህል ትሸምታለች፤ ያን ጊዜ ወደ እኛ ሠራዊት በክብር ትመለሳለች። ከዚህ ሁሉ ጥበብን የተማረ ጎረቤቷ በጉን ከአማቹ ቤት ደብቆ ቢያረባ ሰነፍና አታላይ ይባል። (እኔስ አስተዋይ እለዋለሁ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ።)

አንቀጽ አምስት። ስለ ደመወዝተኞች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዘውድ በዓላችን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰብ። በዚያ ዕለት የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄዷል። የቆቦ መምህር በዶላር አይነግድም፤ ዶላርን ያየውም በሥዕል ሊሆን ይችላል፤ የሚገዛው ዘይት፥ የሚሳፈርበት መኪና ነዳጅ፥ የልጁም መድኃኒት ግን በዶላር ተገዝቶ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ተነሥቶ 4,760፥ ቀጥሎም 6,000 ብር ሲደርስ፥ ከ600 ብር በላይ ይጀምር የነበረው የደመወዝ ግብርም ከ2,000 ብር በላይ እንዲጀምር ሲደረግ በርኅራኄ ዝም ብለናል። ዝምታችን ምሥጢር አለው፤ ጭማሪው ለባለ ደመወዙ ከመድረሱ በፊት ወሬው ለባለ ሱቁና ለቤት አከራዩ ስለሚደርስ፥ ገንዘቡ ወደ መምህሩ ኪስ የሚገባው ለሰላምታ ብቻ ነው።

አንቀጽ ስድስት። ስለ ባሕር ማዶ።

በግዛታችን ውስጥ ልፋት ኑሮን እንዳያሻሽል የደነገግን ቢሆንም፥ ለፍቶ ለመክበር የቆረጠ ሰው ልፋቱን ከድንበር ማዶ እንዲያደርገው ፈቅደናል። በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፥ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፥ ከዚያም በእግሩ ወደ ሳዑዲ ይሂድ። በቆቦና በመርሳ ያማሩት ቤቶች የማን እንደ ሆኑ የጠየቀ እንግዳ ቢኖር፥ ልጃቸው ጂዳ ናት፥ ወንድሙ ሪያድ ነው የሚል መልስ ደጋግሞ ይሰማል። ይህ መልስ ለእኛ አደገኛ መሆኑን አንሠውርም። እዚህ ሳለች ከውኃ መቅዳት እህል ወደ ወፍጮ እስከ መሸከም፥ ከአረም እስከ አጨዳ ስትለፋ ኖራ ለራሷ ጫማ ያልገዛች ልጅ፥ እዚያ የሰው ቤት ጠርጋ የአባቷን ሣር ቤት በቆርቆሮ ከለወጠችው፥ ክንዷ ያው ክንድ፥ ትጋቷም ያው ትጋት ነውና፥ የጎደለው ከእርሷ ዘንድ አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ ብሎ በገበያ የሚያስብ ሰው ቢገኝ ይያዝ።

ለዚህ ፈቃድ የሚከፈለውን ግብር በዚህ አዋጅ አንዘረዝርም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተጠርዘው ሲመለሱ፥ ከብዙዎቹ ጋር የመጣው አንድ ፌስታል ነበር። በባሕሩ የቀሩትን ጸሐፌ ትእዛዝ ልቁጠራቸው ብሎ ለምኖን ነበር፤ ከለከልነው። እናቶቻቸው ግን ይቆጥሯቸዋል።

አንቀጽ ሰባት። አዋጁ ስለሚጸናበት ዘመን።

ይህ አዋጅ ዛሬ ተነገረ እንጂ የጸናው ቀደም ብሎ ስለ ሆነ፥ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ መጻፍ አላስፈለገም። የሚሻርበትን መንገድ ግን ደብቀን ታማኝነታችንን አናጎድፍም፤ መንገዱ ትጉ የሚል ሌላ ስብከት አይደለም። ገበሬው ሽንኩርቱን የሚያቆይበት መጋዘን፥ ዋጋውን ከደላላው ጋር እኩል የሚሰማበት ወሬ፥ ዝናብ ሲቀር ጊደሩን ሳይሸጥ የሚያልፍበት ዋስትና፥ የቀን ሠራተኛውም በሕግ የታወቀ የዕለት ዐስብ ቢያገኙ፥ እኛ በቆቦ አንድ ክረምት እንኳ የምንከርም አይመስለንም።

ለጊዜው የሚያሠጋን የለም። በአሜሪካ ያለው ዘመዳችን እንኳ፥ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሳይነቃነቅለት በሰላም ይኖራል። የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እንዲወስን ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ በቆቦ ሜዳ በቀን ሥራ ሽንኩርት የሚነቅለው ጎልማሳ ግን ከዚህ በታች አይከፈለኝም ብሎ የሚጠቅሰው ቁጥር እስከ አሁን የለውም።