እንኳን ደስ ያለን፤ ሁላችንም ማደያ ሆንን

ሌላው ዓለም ገና ይንቀረፈፋል። የአውሮፓ ኅብረት አዲስ የነዳጅ መኪና መሸጥ የሚቆምበትን ጊዜ እ.ኤ.አ. 2035 ብሎ ቀጥሮ፣ ቀጠሮውን ላጥብቅ ላላላ እያለ ይጨቃጨቃል። እኛ ጭቅጭቅ አንወድም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ ተናገሩ፤ አለቀ። ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ገና የመብራት መስመር ያልደረሰው ሀገር፣ መኪናዎቿን በመብራት ለመንዳት ከዓለም ቀድማ ቆረጠች። ይህን ጀግንነት ያላለ ምን ሊለው ነው?

ተጠራጣሪ አይጠፋም። «መኪናው ይምጣ፤ ግን የት ይሞላል?» ይላሉ። ጥያቄው ራሱ ያስቃል። የነዳጅ ማደያ ለመክፈት ቦታ ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከመሬት በታች የሚቀበር ታንከር ያስፈልጋል፣ ቀጂና ገንዘብ ተቀባይ ያስፈልጋል። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን እርስዎ አሉለት። ሶኬትዎ አለ፤ ቆጣሪዎ አለ፤ የባለቤትዎ ትዕግሥት አለ። መንግሥት አፈር ሳይቆፍር፣ ሲሚንቶ ሳያቦካ በየሰዉ ቤት ማደያ ከፈተ። የገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው የሚለው መንግሥት ራሱ ነውና፣ የማደያዎቹንም ብዛት ከዚያው መገመት ነው። እንዲህ ያለ ልማት በየጓዳው ሲገባ ማመስገን እንጂ ማጉረምረም ነውር ነው።

ደግሞም ሒሳቡ ያማረ ነው። አንድ መካከለኛ የቤት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ7 ብር ብናስበው 112 ብር ይመጣል። ያንኑ መንገድ 8 ሊትር ጠጥቶ የሚሄድ የቤንዚን መኪና፣ ሊትሩን በ120 ብር ብንይዝለት፣ 960 ብር ያስወጣል። ዘይት መቀየር የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ጀሪካን ይዞ ሌሊት መሰለፍ የለ። ደላላው ይህን በስልኩ ላይ ደምሮ ሲያሳይዎት፣ መኪናውን ገዝተው ሳይሆን ተከፍሎዎት የሚሄዱ ይመስልዎታል።

ደላላው የማይደምራቸው ጥቂት ነገሮች ብቻ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100ን ዘልሎ ሽቅብ መንጎዱን አይደምርም፤ መኪናው ብቻ ሳይሆን ባትሪውም የፊት መብራቱም በዶላር እንደሚገዙ አይደምርም። ሰባት ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ለማሰር 32 አምፔር የሚችል ገመድ፣ አዲስ ብሬከር፣ ምናልባትም የባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማመልከቻ እንደሚጠይቅ አይደምርም። ማመልከቻው የሚወስደውን ጊዜ ደግሞ የቱም ካልኩሌተር አይችለውም። ብዙ አሮጌ ቤት የመሬት ሽቦ ስለሌለው፣ የተሰካው ቻርጀር ቀይ መብራት አብርቶ «አልሞላም» ብሎ እንደሚያኮርፍም አይነግርዎትም። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲያድግ የተወሰነውን የመብራት ታሪፍ የሚያነሣ ደላላ ያገኘ ሰው ካለ፣ ያ ደላላ ሳይሆን ባሕታዊ ነው።

የሚያበሽቀው፣ ይህን ሁሉ ደምረን ስንጨርስም ለብዙ ሰው የኤሌክትሪኩ መኪና ያዋጣል። ጥፋቱ የመኪናው ቢሆን ኖሮ መኪናውን ሰድበን እንገላገል ነበር። መብራታችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ነዳጃችን ግን ጠብታው ሳይቀር በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ ተራራ ለተራራ እየዘለለ አዲስ አበባ ይደርሳል። ያ ሁሉ መንገድ ተሠርቷል። ያልተሠራው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ መኪናው ያለው የመጨረሻው መቶ ሜትር ነው፤ እሱ ለእርስዎ ተትቷል።

መቶ ሜትሩ ቀላል የሚሆነው ግቢ ላለው ነው። ግቢ ያለው ሰው ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ይነቅላል። ተራ ሶኬት ሁለት ኪሎዋት ገደማ ስለሚሰጥ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 30 ሰዓት ይፈጃል፤ ቢሆንም በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ግቢ፣ የራስ ቆጣሪ፣ በር የሚከፍት ዘበኛ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አየር ብክለት መቆርቆር ደስ ይላል።

የኮንዶሚኒየሙ ባለ ማደያ ግን በሙያው ይፈተናል። መኪናው ታች ሜዳ ላይ፣ ቆጣሪው አራተኛ ፎቅ። ገመዱ በመስኮት ወጥቶ፣ የሦስተኛ ፎቁን የልብስ ማስጫ አቋርጦ፣ የሁለተኛውን በረንዳ ታክኮ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ መጋጠሚያው በፌስታል ይጠቀለላል፤ የአደጋ መከላከያ ስልታችን እንግዲህ ፌስታል ነው። ትናንት ስለ ውኃ ሮቶና ስለ ዘበኛ ደመወዝ ይነታረክ የነበረው የብሎክ ኮሚቴ ዛሬ ስለ አምፔር ይከራከራል፤ «ከደረጃው መብራት ነው የሚስበው» የተባለ ጎረቤት ደግሞ ሰላምታ ያጣል። ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ያገኘው ምድር ቤት ካሉት እናት ጋር የተስማማው ሰው ነው።

«እማማ፣ ዛሬ ብቻ ሶኬቷን ያውሱኝ።»

«ምን ከፋኝ ልጄ፤ አሁን ግን እንጀራ ላይ ነኝ፤ ስጨርስ ና።»

እማማ ልክ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ምጣድና መኪና በአንድ ቆጣሪ ላይ እኩል ሲሰኩ ብሬከሩ አድልዎ ሳያደርግ ሁለቱንም ያሰናብታል። የሀገሪቱ የትራንስፖርት ፖሊሲ የእማማ ሊጥ እስኪያልቅ ይጠብቃል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መብራት ሲኖር ነው። ዱሮ መብራት ሲሄድ ሻማ ፈልገን እንተኛ ነበር፤ አሁን ግን ሲሄድ ሥራም ይቀራል። አለቃዎ «ለምን ቀረህ?» ቢልዎት «መብራት አልነበረም» ማለት በቂ ነው፤ አለቃዎም ያመሸው በዚያው ጨለማ ነውና አይከራከርዎትም። የቸገረው ደግሞ ማደያ ሄዶ ተሰልፎ፣ ናፍጣ በጀሪካን ለምኖ ቀድቶ፣ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ የኤሌክትሪክ መኪናውን ይሞላል። ጭሱን ከመኪናው ጭራ ወደ ጓሮው አዛወርነው፤ አረንጓዴ ልማት ነዋ!

የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ፈጽሞ የለም ካልኩ ግን ሐሰት ይሆንብኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ እጅግ ፈጣን ቻርጀሮች ተክሏል፤ ሌሎችም እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል። ችግሩ፣ ነዳጅ ቀጂ በአምስት ደቂቃ የሚሸኘውን መኪና፣ ፈጣን የተባለው ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያቆየዋል። ስለዚህ ከነዳጅ ሰልፍ የሸሸው የታክሲ ሹፌር እዚህ ሲደርስ ሌላ ሰልፍ ተቀበለው፤ ልዩነቱ የአሁኑ ሰልፍ ሽታ የለውም። ተራው ሲደርስ ደግሞ የመሰኪያው ነገር አለ። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ጂቢ/ቲ የተባለውን ይፈልጋል፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ካልሆነ አይቀበልም። ሁለቱንም ዓይነት አስገብተናል፤ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን።

የመኪናውም ባሕርይ ለመግባባት ጊዜ ይፈልጋል። ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣው ብዙ መኪና ገና ሲነሣ በማንዳሪን ሰላምታ ይሰጣል፤ አደጋ ሲያይም በማንዳሪን ያስጠነቅቃል። በስልክ የሚታዘዝበትን አፕ ለመክፈት የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲበራ ባለቤቱ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በትርጉም አፕ ያስነብባል፤ አፑ «የመኪናው ልብ ደክሟል» ቢለው ይደነግጣል፤ የጎማ ንፋስ ሊሆንም ይችላል። ጎሚስታው ይወቅ።

ጋራዥ የሄዱ እንደሆነ ደግሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር በጆሮው ሲያዳምጥ የኖረ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ዝምታ ያዳምጣል። ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ውስጥ የሚሄደው 400 ቮልት ገደማ ነው፤ በልምድና በጸሎት የሚነካ አይደለም። በግል አስመጪ በኩል ለገባ መኪና የፋብሪካው ዋስትና ብዙ ጊዜ ድንበር አይሻገርም። ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ነው፤ የእኛ መንገድና የፍጥነት መቀነሻዎቻችን ደግሞ ከመኪና ሆድ ጋር የቆየ ጠብ አላቸው፤ የተጎዳ ባትሪ መቀየር የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ቢጠይቅ አይግረምዎት። ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ እያለ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተችም መኪናው አይነሣም። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው «ግፋ! ግፋ!» ብለው የሚያስነሡበት ዘመንም አልፏል፤ ይህ መኪና በግፊት አይነሣም፤ ብትገፉትም ጉዳት አለው።

«ለከተማ ነው እንጂ ለሩቅ መንገድ ማን ይዞት ይወጣል?» የሚሉ አስተዋዮች አሉ። ለበዓል ወላጅ ለመጠየቅ የሚወጣ ኢትዮጵያዊ የለም ማለታቸው ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው «500 እሄዳለሁ» የሚል ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ የቻይናው የሲኤልቲሲ መለኪያ ነው፤ ያ መለኪያ ጣርማበርን አያውቅም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ሲመለስ ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ወደ ጣርማበር ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ለዚያ ዳገት ብቻ ስምንት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ በሜዳ 50 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል መሆኑ ነው። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፤ እዳውን ሁሉ ግን አይከፍልም። በመንገዱ ላይ አስተማማኝ ቻርጀር ከሌለ እንግዲህ፣ ሰው ቤት አንኳኩቶ «ለእግዜር ብላችሁ፣ ሶኬት» ማለት ነው። ለመንገደኛ ውኃ የማይከለክል ሕዝብ 30 ሰዓት መብራት አይከለክልም ብለን እናምናለን።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲደረግ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው ቀረጡ ወደ 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትኖ ለሚመጣው ወደ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣው ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ የሀገር ገንዘብ ተሰጥቷል። ያ ገንዘብ የገባው መኪና መግዛት የሚችል ሰው ኪስ ነው፤ ከእሱም ውስጥ ተጠቃሚው ግቢ ያለው ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪውና በመኪናው የሚተዳደረው ሹፌር ግን ሌላ መኪና እንዳያስገቡ ተከልክለው፣ ይህኛውን የሚሰኩበት አጥተዋል። ዳስ ሳይጣል እድምተኛ ተጠራ፤ እድምተኛውም ቆሞ እየበላ «ጥጋብ ነው» እንዲል ይጠበቃል። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። መኪናውን ማስገባት የአንድ ቀን መግለጫ ነው። ሰፈር ለሰፈር ትራንስፎርመር ማጠናከር፣ የሚሠራ ሕንፃ ሁሉ የመኪና ማቆሚያው ሶኬት እንዲኖረው ማስገደድ፣ አስመጪውን መለዋወጫና የሠለጠነ ባለሙያ ሳታቀርብ አትሸጥም ማለት፣ መሰኪያውን አንድ ዓይነት ማድረግ፤ እነዚህ ካሜራ ፊት አያምሩም፤ ሪባን አይቆረጥባቸውም።

ስለዚህ አንድ ርካሽ ሐሳብ ላቅርብ፤ በጀትም ብድርም አይጠይቅም። የሚመለከታቸው ኃላፊዎችና ትልልቆቹ አስመጪዎች ለአንድ ክረምት ብቻ መኪናቸውን ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በሚወርድ ገመድ ይሙሉ፤ ጄኔሬተር ክልክል ነው፤ ለቡሄም ቤተሰባቸውን ጭነው ደሴ ደርሰው ይመለሱ። መስከረም ሳይጠባ በየብሎኩ ሥር ሶኬት ካልተተከለ፣ እኔን ሐሜተኛ በሉኝ።