ከትምህርት ነጻ የወጣ ሽማግሌ አቤቱታ

ልጄ ጀልባ ገዛ። ቤት ሲገዛ ቄስ ጠርተን ጠበል አስረጨን፤ መኪና ሲገዛም መረቅነው። ለጀልባ ምን እንደሚደረግ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖር አበሻ ሁሉ የሚያውቅ አጣሁ። ጀልባዋ አናፖሊስ አጠገብ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ታስራ ታድራለች። ለማደሪያዋ በየወሩ ይከፈልላታል። ኪራይ የሚከፈልላት ጀልባ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። በደንገል ታንኳ ቡናና ማገዶ ጭነን ባሕር ዳር ስንወርድ ፈቃድ የጠየቀን የለም። የደኅንነት ዕቃችን አንድ ነበር፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ እሷን እየጠራን እንቀዝፋለን። ዋና የማያውቀው ሁሉ ይሻገር ነበር፤ ሳይሻገር የቀረም ነበር፣ እሱን ዛሬ አላነሣውም።

እና ልጄን «እስቲ መሪውን ልያዘው» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በሜሪላንድ ሕግ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው የጀልባ ደኅንነት ትምህርት የምስክር ወረቀት ሳይዝ የሞተር ጀልባ መንዳት አይችልም። በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1964 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደውን አይመለከተውም። «እርስዎን አይመለከትዎትም አባባ!» አለኝ፣ የምሥራች መስሎት።

አይመለከትዎትም! ሽማግሌ ሲወለድ ጀምሮ ያውቃል ማለታቸው ነው? ወይስ ተምሮ የት ሊደርስ? ለነገሩ የተወለድኩበትን ቀን እኔም አላውቀው። ወረቀቴ ላይ እንደ ግማሹ ስደተኛ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ፖቶማክን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሞተሩ 10 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሽማግሌ፣ ጎረምሳ ሳይባል ሁሉም ይማራል። በአንድ ወንዝ ማዶ እከበራለሁ፣ ወዲህ ማዶ እናቃለሁ።

ይሁን፣ ሳልማር ተሳፈርኩ። መጀመሪያ ላይፍ ጃኬት አለበሱኝ። ብርቱካንማ ነው፤ ነጠላዬን ከላይ ደረብኩበት፣ የልጅ ልጄ ፎቶ አነሣችኝ፣ ፎቶው አዲስ አበባ ሳይቀር ደርሷል። «ምን ያደርግልኛል?» ስል ልጄ እዚህ አገር በጀልባ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት የሚሰምጡት ናቸው፣ ከሰመጡትም አብዛኞቹ ያልለበሱት ናቸው አለኝ። ጃኬት ወንበር ሥር ቢቀመጥ አያድንም። ቀጥሎ መሪውን ልይዝ ስል ከሞተሩ ማጥፊያ ጋር የተያያዘ ገመድ አምጥቶ እንደ ጠቦት አሰረኝ። ነጂው ውኃ ውስጥ ከወደቀ ገመዱ ተስቦ ሞተሩን ያጠፋል። በኤፕሪል 2021 የጸና የአገሩ ሁሉ ሕግ ነው። ታንኳ እኮ ብትወድቅ ቆማ ትጠብቅሃለች።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የጀልባዋ ሬዲዮ ነው።

ቻናል 16 የሚባል አለ፣ የጭንቅ ጊዜ ቻናል ነው። ኮስት ጋርድ ሌት ተቀን ያዳምጠዋል። ወዳጅህንም ልትጠራበት ትችላለህ፤ እንዳገኘኸው ግን ወደ ሌላ ቻናል ይዘኸው መሄድ አለብህ። ሰላምታ እንኳ ሳያልቅ! የጭንቁ ጥሪ ደግሞ ይባስ። ሜይዴይ ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋ ስም፣ ያለችበት ቦታ፣ ምን እንደደረሰባት፣ ስንት ሰው እንዳለ፣ በቃ። እኔ ብሆን «እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ ዝናቡስ» እያልኩ ውኃው አንገቴ ይደርሳል። ሬዲዮው ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍም አለው፤ ተጭነው ሲይዙት የጀልባዋን ባለ 9 አኃዝ መለያና ያለችበትን ቦታ ራሱ ይናገራል። ልጄ መለያውን ሳያስሞላ ነው አንድ ክረምት ሙሉ የነዳው፤ ያኔ ቁልፉ ጌጥ ነበር። የምስክር ወረቀት ያለው እሱ ነው እንግዲህ!

አንድ ቅዳሜ ልጄ ከፊት ሆኖ ዓሣ ሲያጠምድ እኔ ኋላ ተቀምጬ አጉረመረምኩ። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ወረቀት ኩባያ ቡና፣ ስለ ምራቴ ዶሮ ወጥ (ሽንኩርቱን አታቁላላውም)። ለካ የመነጋገሪያው ቁልፍ ከጭኔ ሥር ኖሯል። ሬዲዮው 25 ዋት ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ጀልባ ሁሉ የምራቴን ወጥ ሰማ። ስነግራችሁ፣ ያስቆመኝ ሰው አይደለም። እነዚህ ሬዲዮዎች ሳይቋረጥ 5 ደቂቃ የተናገረባቸውን ራሳቸው ዝም እንዲያሰኙ ተደርገው ነው የሚሠሩት። በእድር ስብሰባ ሊቀመንበሩ 30 ዓመት ያልደፈረውን ሳጥን ደፈረኝ!

ልጄ አልሳቀም። «አባባ፣ በእነዚያ 5 ደቂቃዎች የሚሰምጥ ሰው ቢጣራ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሰኞ የልጅ ልጄን ኮምፒዩተር እንድትከፍትልኝ ለመንኳት። ሦስት ሳምንት ተደብቀን ተማርን። አምስት አጭር ጥሩምባ «ምን ልታደርግ ነው? አደጋ!» ማለት ነው። ፊት ለፊት የተገናኙ ጀልባዎች ሁለቱም ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ከባሕር ሲመለሱ ቀዩን ምልክት በቀኝ ማስቀረት ነው፤ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ልታስይዘኝ ስትታገል እኔ በአማርኛ «ቀይ በቀኝ» ብዬ ጨረስኩት። ፈተናውን አለፍኩ። ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል ተባልኩ፤ ቅናሽ ግን አልተደረገልኝም።

ባለፈው እሑድ የውኃ ፖሊስ አስቆመን። ጃኬት ቆጠረ፣ የእሳት ማጥፊያውን አገላብጦ አየ፣ ልጄን ካርድ ጠየቀው። እኔም የኔን ከደረት ኪሴ አውጥቼ፣ ተነሥቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት። ሽበቴን አየና ፈገግ አለ። «እርስዎን አይመለከትዎትም» ብሎኝ ሄደ። ስሜን እንኳ ቢያነብልኝ ምን ነበረበት?