ከቃለ መጠይቅ ባዶ እጅ የመመለስ ጥበብ

ልጄ ሆይ፥ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ በስተ ደቡብ ባለው የፌርፋክስ ጎዳና፣ እንደ ልማድሽ ከቀትር በኋላ አብረሽኝ ቡና ስትጠጪ፣ የሕክምና ረዳትነት ትምህርትሽን መፈጸምሽንና ለመጪው ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ መጠራትሽን ብትነግሪኝ፣ አጎት ለእኅቱ ልጅ የሚገባውን ምክር ሳልሰጥሽ ብቀር ኅሊናዬ ስለሚወቅሰኝ ይህችን ጦማር ጻፍሁልሽ። ጥበቡ በአጭር ቃል ይህ ነው፤ መናገር በሚገባሽ ስፍራ ዝም በይ፣ ዝም ማለት በሚገባሽ ስፍራ ተናገሪ።

ስለዚህ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ባሉሽ ጊዜ ዓይንሽን ከምንጣፉ ሳታነሺ፣ ድምፅሽንም እንደ ሙሽራ ዝቅ አድርገሽ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» በይ። ራስን ማመስገን ነውር መሆኑ ከጡት ጋር የጠባሽው ትምህርት ነው፤ ጠያቂሽ ግን ይሉኝታ የሚባለውን ስለማታውቅ ትሕትናሽን ባዶነት ብላ ትጽፈዋለች፤ የምንሻውም ይህንኑ ነው። በየ2 ዓመቱ የሚታደሰውን የነፍስ አድን ሥልጠና ሰርተፍኬትሽንም ከቦርሳሽ አታውጪ፤ ካልጠየቁሽ ምን አገባሽ?

ቀጥሎ የማዕረግሽን ወሰን እርሺ። የካሊፎርኒያ ሕግ የሕክምና ረዳትን ፈቃድ ካላቸው ባለሙያዎች ወገን አይቈጥረውም፤ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ በሐኪም ትእዛዝ ሥር የሚያገለግል፣ መርፌ ለመውጋት 10 ሰዓት፣ ደም ለመቅዳትም ሌላ 10 ሰዓት የሠለጠነ፣ ከየዓይነቱም ቢያንስ 10 ጊዜ በተግባር ያስመሰከረ ሰው ነው እንጂ፣ ግሉኮስ መስቀል፣ የምርመራ ውጤት መተርጐም፣ በስልክም የሕመምን ክብደት መዝኖ መፍረድ አልተሰጠውም። ነገሩ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው፤ ዲያቆን ያለ ቄስ አይቀድስም፣ ቅዳሴውም ያለ ዲያቆን አይፈጸምም። አንቺ ግን መስቀሉን ከቄሱ እጅ ንጠቂ፤ «ሐኪሙ ሳይገባ በሽታውን እኔ ለይቼ እጨርሳለሁ» በይ። ማስረጃ ቢሹ፣ በአገር ቤት ድሬሰር የሚባለው ሰው በየገጠሩ ሐኪምም ነርስም መድኃኒት ቀማሚም ሆኖ መኖሩን ጥቀሺ። (ያን ሰው ያለ ቀልድ አከብረዋለሁ፤ እርሱ ግን ብቻውን የቆመው ሐኪም ስላልነበረ ነው፤ አንቺ የምትሄጅበት ክሊኒክ ሐኪሙ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጧል።)

«ሕመምተኛዋ ራሷ መሆኗን በምን ታረጋግጫለሽ?» ቢሉሽ፣ የሚጠብቁት መልስ ሙሉ ስሟንና የልደት ቀኗን ራሷ እንድትናገር ማድረግ ነው። አንቺ «በመልኳ» በይ። የእኛ ሰው የአባቱን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ስለሚያስመዘግብ፣ በአንድ መጠበቂያ ክፍል ሁለት አልማዝ ከበደ ቢገኙ፣ የአንዷ ልደት በእኛ፣ የሌላዪቱ በፈረንጅ ቆጠራ ተጽፎ 7 ወይም 8 ዓመት ቢፋለስ፣ «ታላቂቱን በሽበቷ እለያታለሁ» ማለት ይበቃል፤ የታናሺቱ ክትባት ለታላቂቱ ቢደርሳት፣ ያው ሁለቱም አልማዝ ናቸው።

የደም ግፊት ለኪ ብለው ቢፈትኑሽ፣ ሴትዮዋ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥታ እየሮጠች መድረሷን አትጠይቂ፤ 5 ደቂቃም አታሳርፊያት። መለኪያውን በሹራቧ ላይ ጠምጥሚ፤ እግሯን አነባብራ፣ ክንዷንም አንጠልጥላ ሳለች ስለ ልጆቿ ሠርግ አጫውቻት። ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ አንቺም «ከባድ በሽታ አገኘሁባት» ብለሽ ትመኪያለሽ።

የሥራ ልምድሽን ሲጠይቁሽ አፍሽን የምትከፍቺበት ሰዓት ደረሰ። በ1996 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግ የሕመምተኛን ነገር እንደ ንስሓ ምሥጢር ያሽገዋል፤ ስለዚህ በተለማመድሽበት ክሊኒክ ያየሻቸውን ወይዘሮ በስማቸው፣ በሰፈራቸውና በስኳር መጠናቸው አንሥተሽ ተርኪ። አማርኛ መቻልሽ ሀብት መሆኑንም ሲነግሩሽ፣ «ምች መታኝ» የሚል ሕመምተኛ ቢመጣ ቃሉን እንደ ተናገረው ከማድረስ ይልቅ ምች ምን እንደ ሆነ ራስሽ ወስነሽ ለሐኪሙ የበሽታ ስም እንደምትሰጪ አስረጂያቸው፤ የሚያሳፍር ነገር ቢናገር ደግሞ ስለ ክብሩ እንደምትዘዪው ጨምሪ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ያስፈራኛል። መጨረሻ ላይ ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «አንዲት እናት ደውለው ደረታቸውን እንደሚወጋቸው ቢነግሩሽ፣ ሐኪሙም ከሌላ ሕመምተኛ ጋር ቢሆን፣ ምን ታደርጊያለሽ?» ትልሻለች። ዳማከሴ አዘዢላቸው፣ ነርቭ ነው በያቸው፣ ከምሳ በኋላ ይደውሉ በያቸው፤ ከእነዚህ ማንኛውም ይበጃል። ብቻ አደራሽን፥ አስተዳደግሽ አሸንፎሽ፣ ቀና ብለሽ ዓይኗን እያየሽ፣ «ይህን መፍረድ የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ስልኩን ሳልዘጋ ወዲያው ሐኪሙን አስጠራለሁ» እንዳትዪ። ይህን ያልሽ እንደ ሆነ ሰኞ ሥራ ጀምሪ ይሉሽና፣ እኔ ከቀትር በኋላ ቡናዬን ከማን ጋር እጠጣለሁ?