ችላ የተባለች ዓሣን አድኖ የመግደል መመሪያ

ችላ የተባለች ዓሣ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ዓመታት ልትኖር ትችላለች። የሚያዝንላት ሰው እጅ ከገባች ግን አንድ ሌሊት ሊበቃት ይችላል። ይህን የማውቀው ስላደረግሁት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው የስህተት መመሪያ ነው። ትእዛዞቹ አንዳንዶቹ በቅን ልብ የተመከርኳቸው፣ አንዳንዶቹም በቅን ልብ ለራሴ የሰጠኋቸው ናቸው። እንደ ትእዛዝ አድርጌ የማስቀምጣቸው ትእዛዝ ሆነው ስለሚመጡብን ነው፤ ዓሣ ያዘነላት ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር በተመሳሳይ ጥድፊያ ሲያደርግ አይቻለሁ።

በሰፈራችን የነበረ አንድ የውበት ሳሎን ቤቱን ሊለቅ ነበር። ከመስኮቱ ሥር አርባ ሊትር ያህል የሚይዝ አኳሪየም ተቀምጧል። ማጣሪያው ከቆመ ቆይቷል፤ ውሃው ቀጭን ሻይ መስሏል፤ መስታወቱ በአልጌ ተሸፍኗል። ውስጡ ሁለት ጎልድፊሾች ነበሩ፤ አንዷ የመዳፌን ያህል፣ ሌላዋ የጣቴን ያህል። ሁለቱም ክንፋቸውን ወደ ሰውነታቸው አጥፈው ታች ጠጠሩ ላይ ቆመዋል። ባለቤቷ «ውሰጃቸው በቃ፣ እኔም ሳያቸው ይጨንቀኛል» አለችኝ። በእጄ የነበረው አንድ ባልዲ ስለሆነ ትልቋን ብቻ ይዤ፣ ለትንሿ ሰኞ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ይህ ነው፦ የቆሸሸውን ውሃ በሙሉ ድፉና ዓሣዋን ንጹህ ውሃ ውስጥ አስገቧት።

እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አዲስ ዕቃ አጠብሁ፣ ከቧንቧ ንጹህ ውሃ ቀዳሁ፣ ባልዲው ውስጥ ከቀረው ጥቂት ውሃ ጋር ገልብጬ አስገባኋት። ለአፍታ ዋኘች፤ ክንፏም ተዘረጋ፤ ደስ አለኝ። ማታ ላይ ወደ ላይ ወጥታ አፏን እየከፈተች አየር ትፈልግ ጀመር። ሲነጋ ከታች በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። ሰኞ ለትንሿ ስሄድ፣ ያቺ በዚያው ሻይ በመሰለ ውሃ ውስጥ የቀረችው፣ ምግብ የሚሰጣት መስሏት ወደ መስታወቱ መጣች። አንድ ውሃ ውስጥ አብረው የኖሩ ሁለት ዓሦች ናቸው፤ የሞተችው የዳነችው ናት።

የሆነው ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማንበብ ነበረብኝ። ዓሣ ከሰውነቷ የምታስወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ነው፤ አብዛኛው በስንጥቧ ይወጣል። በደህና አኳሪየም ውስጥ ጠጠሩና የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ሥራቸው ግን ውሃው አሲድ የሚያለዝብበትን አቅም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ውሃው ሳይቀየር ሲኖር ፒኤቹ ይወርዳል፣ ማለትም አሲድነቱ ይጨምራል፤ ከ6 በታች ሲደርስ ባክቴሪያዎቹም ሥራቸው ይዳከማል፤ አሞኒያው ይከማቻል። ዓሣዋ ያኔ ያልሞተችው አሲድነት ባለው ውሃ ውስጥ አሞኒያው ከሞላ ጎደል በሙሉ አሞኒየም ወደሚባል እምብዛም ወደማይጎዳ መልክ ስለሚለወጥ ነው። መርዙ አጠገቧ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። ከ6 ወደ 8 የተሻገረ ውሃ ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ከባልዲው የገለበጥሁት አሮጌ ውሃ ከአዲሱ ውሃ ጋር ሲቀላቀል የተኛው መርዝ ነቃ። ከዚያ በተረፈም የውሃ ጨዋማነትና ፒኤች በደቂቃ ውስጥ ሲለወጥ የዓሣ ደምና ስንጥብ ሊከተለው አይችልም። በኋላ የሳሎኑን ውሃ በመመርመሪያ ወረቀት ስለካው ቀለሙ የወረቀቱ የመጨረሻ ዝቅታ ላይ አረፈ፤ የእኛ ቧንቧ ከ7 በላይ ነበር።

ሳሎኑን የሚያጸዱ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው። ውሃው ሲጎድል በጆግ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ትልቋ መሞቷን ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉና፣ «ልጄ፣ እኔ አንድም ቀን ደፍቼባቸው አላውቅም። በለመዱት ላይ ትንሽ ትንሽ ነው የምጨምርላቸው» አሉኝ። እሳቸው በጆግ ያደረጉት እኔ በባልዲ ካደረግሁት ይሻል ነበር። ይህን ለመቀበል ቀናት ወሰደብኝ።

ሁለተኛው ትእዛዝ፦ ውሃ የመጣ ለት ቶሎ ቅዱና ቶሎ ጨምሩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ ፈተና ከባድ ነው፤ ሮቶው እየሞላ፣ ባልዲው ተሰልፎ፣ ዓሣዋም ድርሻዋን ታግኝ ይባላል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው የአዲስ አበባ ውሃ ለሰው ደኅንነት በክሎሪን የታከመ ነው፤ እኛን የሚጠብቀን ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ክዳኑ በተከፈተ ሰፊ ባልዲ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተንለታል። ክዳኑ የተከደነ ሮቶ ውስጥ የተቀመጠ ግን ያደረ አይባልም፤ ክሎሪኑ የሚወጣበት የለውም።

ሦስተኛው፦ ማጣሪያውንና ጠጠሩን በበረኪና እጠቡ። እኔ በረኪና ባላፈስበትም ጠጠሩን እዚያው ሳሎን ትቼው ሄጃለሁ፤ ለዓሣዋ ልዩነት የለውም። የሚያስጠላን ያ ቡናማ ዝቃጭ የዓሣዋ ጉበት በሉት፤ አሞኒያውን የሚያጠራላት እሱ ነው። እነዚያ ባክቴሪያዎች እንደ ሌሎቹ በደቂቃዎች አይራቡም፤ እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋሉ፤ በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ከባዶ ተነስተው ሥራውን የሚችል መንጋ ለመሆን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል፤ እንደ እኛ ባለ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። ስፖንጅ የግድ መታጠብ ካለበት ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ሌላ መከራ አለ። ፓምፑ ሲቆም ስፖንጁ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከጥቂት ሰዓት በኋላ አየር ያጥረዋል። በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ሳፈስ ያመሸሁባቸው ብዙ ሌሊቶች አሉ። እጄ ሲደክም አሥር ደቂቃ አርፌ እንደገና እጀምራለሁ።

አራተኛው ትእዛዝ ለዓይን የሚያምር ነው፦ አፉ በጠበበ ክብ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጧት፣ እስከ አንገቱም ሙሉት። ዓሣ ኦክስጅን የምታገኘው ውሃውና አየሩ ከሚገናኙበት ገጽ ነው፤ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሲሞላ ያ ገጽ የስኒ አፍ ያህል ይሆናል። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ከውጭ አገር የተጻፈ መጽሐፍ አንብበን «ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል ሊትር ይበቃል» ስንል ይህን ሩብ አናሰላም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከዚያ ከሚያብረቀርቅ ጠርሙስ በጣም ይበልጣል። ሰባ አምስት ሊትር ለአንዲት ጎልድፊሽ ብዙ አይደለም።

ጎልድፊሽ ይህን ሁሉ ችላ መባል የምትሸከመው ጠንካራ ስለሆነች ነው፤ ጥንካሬዋም ጎድቷታል። ኦክስጅን ጨርሶ ሲጠፋባት ሰውነቷ የሚያጠራቅመውን አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቧ ያስወጣል፤ ይህን የሚችሉ ዓሦች ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ምክንያት ሌላ ዓሣ በሳምንት በሚሞትበት ዕቃ ውስጥ እሷ ወራትን ትገፋለች፤ እኛም መግፋቷን ምቾት አድርገን እናየዋለን። ዕድሜዋ ሁለትና ሦስት ዓመት ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1956 በአንድ የጨዋታ ድንኳን ለሽልማት የተሰጠች ቲሽ የተባለች ጎልድፊሽ እስከ 1999 ድረስ፣ 43 ዓመት ኖራለች።

አምስተኛው፦ ተርባ ኖራለችና አጥግቧት። በተለይ እንጀራ ፈርፍሩላት። ሳሎን ውስጥ ደንበኞች ፍርፋሪ ሲጥሉላቸው አይቻለሁ፤ ክፋት አልነበረበትም። ጎልድፊሽ ግን ጨጓራ የላትም። የምትበላው በቀጥታ አንጀት ውስጥ ነው የሚገባው፤ አንድ ጊዜ ብዙ ቢሰጣት የምታከማችበት የለም። የተረፈው ፍርፋሪ ታች ወርዶ ይበሰብስና ተመልሶ አሞኒያ ይሆናል። የታመመች ዓሣ የመጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ብትጾም ይሻላታል። ከዚያ በኋላ ያለ ጨው በደንብ የተቀቀለ የአተር ክክ፣ የዓይኗን ያህል ቁራጭ። ለዚህ፣ ለሽሮ ብለን ቤታችን ያስቀመጥነው ክክ ይበቃል።

ስድስተኛውን የመከረኝ አንድ የሚወደኝ ዘመዴ ነው፦ ክንፏ ከተቆራረጠ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍታችሁ ነስንሱላት። አላደረግሁትም፤ ስላስጨነቀኝ ግን እጽፈዋለሁ። የተቆራረጠ ክንፍ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ቁስል ነው። መድኃኒቱ ውሃውን አያጠራም፤ ውሃውን የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ግን ሊጎዳቸው ይችላል።

ስለ ሰባተኛው አልከራከርም፦ ካልቻላችሁ ወስዳችሁ ዝዋይ ሐይቅ ልቀቋት። አታድርጉት። ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ይዞት የሚመጣው በሽታና ሽሚያ የቀረሶውንና የዓሣ አጥማጁን ቤት ይነካል። ማሳደግ ያልቻለ ሰው ለሚችል ይስጥ።

ያን ሰኞ ትንሿን ሳልወስዳት ተመለስሁ፤ ያመጣኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ በባልዲ አልሄድሁም። ሠላሳ ሊትር ከራሷ ውሃ በሁለት ጀሪካን ቀዳሁ፤ ጠጠሩን ሳላጥብ በከረጢት ያዝሁ፤ እሷን በመረብ ሳላነሳ በጆግ ጨልፌ ከነውሃዋ ወሰድኋት፤ መረብ የሰውነቷን ለስላሳ ሽፋን ይልጠዋልና። ቤት ሁሉንም ሰፊ ሳፋ ውስጥ ገለበጥሁና አንድ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስገባሁ። ውሃው ያው ሻይ ነበር። እህቴ አይታ «ይሄ ነው ማዳን?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሊትር ያደረ ውሃ ጨመርሁ፤ ማታ ሌላ ሦስት። እንዲህ እያልሁ ስምንት ቀን ፈጀብኝ፤ ሠላሳው ወደ ሰማንያ ሊጠጋ። ናይትራይት መመርመሪያው ላይ ቀለም ሲያሳይ በሊትር አንድ ግራም ጨው አሟምቼ በሦስት ጊዜ አከልሁ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቧ እንዳይገባ ይሻማላታል። ለሁለት ቀን አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ክኩን ወስዳ ተፋች፤ እንደገና ወሰደች። ክንፏ የተዘረጋው በስድስተኛው ቀን ነው፤ ቀኑን ጽፌዋለሁ።

ከሳምንታት በኋላ የክንፏ ጠርዝና ከንፈሯ ጠቆረ። ደነገጥሁ። ሌሊቱን ሙሉ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ አደርሁ። ሳነብ ግን በአሞኒያ የተቃጠለ ቆዳ ሲጠግግ እንዲህ እንደሚጠቁር ተረዳሁ፤ ሰውነቷ የተጎዳውን ስፍራ እየጠገነ ነበር። ጥቁሩ ቆይቶ ቆይቶ እየሳሳ ሄደ፤ ከሥሩም ብርቱካንማው ቀለም ወጣ።

እማማ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሊያዩዋት መጡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዓሣዋ ጥላቸውን አይታ ወደ ላይ ወጣች። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው አጠገባቸው ወዳለው ጆግ እጃቸውን ዘረጉ፤ አነሱት፤ ከዚያ ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ያደረ ነው?»

«አዎ፣ እማማ፤ ትናንት የቀዳሁት ነው።»

ጆጉን ወደ ሳፋው ጠርዝ አስጠግተው ቀስ አድርገው አፈሰሱላት።