ክሩ አጥሮ ክርክሩ ለረዘመበት

ሲቀላ ሰፈር ማኪያቶውን ይዞ «ጋሞ ሥራ የለመደው ፋብሪካ ሲመጣ ነው» ይላል አያ አዋቂ። ስሙልኝማ እናንተ! አርባ ምንጭ ከተማ ተቀምጦ አንድ ምንጭ አይጠቅስም። ሠላሳ ዘጠኙ ቢደርቁብህ እንኳ አንዱ ይተርፍህ ነበርኮ!

ወንድሜ፣ የአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳይታሰብ፣ የአካባቢው ዋና ከተማም ገና ጨንቻ ሳለ፣ የጋሞው ዶርዜ ከሽመና ጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውር ነበር። አንተ ጥበብ ለብሰሃል፤ ጥበቡ ግን ከጥለቱ አልፎ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

«ሥራ መከፋፈልን ያስተማረን ፈረንጅ ነው» ትላለህ። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ 10 ሠራተኞች ሥራ ተከፋፍለው በቀን ከ48,000 በላይ ስፒል እንደሚያወጡ ጻፈ። ጎበዝ! አሁን ዶርዜ ቤት ግባ፤ እናት ታባዝታለች፣ ትፈትላለች፤ ልጅ ማግ ይጠቀልላል፤ አባት ይሸምናል። ያንተ ቤት ግን ሥራ አይከፋፈልም፤ ሥራ ሲመጣ አንተ ትከፋለህ።

«ማሽን ሽመናን ገደለው» አልክ። ቀብሩ መቼ ነበር? እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1811 ኑሮው የተናጋበት ሹራብ ሠሪ መዶሻ አንስቶ ማሽን ሰበረ። የኛ ሸማኔ ግን ማሽኑን ቀጠረው! ድሩን በፋብሪካ ክር ዘረጋ፣ ማጉን የእጅ ፈትል አደረገ። ያ ሁሉ ሞተር እያጓራ ለሱ ይፈትላል። የተጎዳችው እንዝርት ናት፤ የድር ፈትሉ ገቢ ከሴቶቹ እጅ ወጣ። ለእነሱ ብትቆረቆር አጨበጭብልህ ነበር። አንተ ግን የተጎዳውን ሳትጠይቅ ያልሞተውን ትቀብራለህ።

«ከተማ የሚሠራው ኢንዱስትሪ ነው» ደግሞ አለ! ሽሮ ሜዳን ማን ሞላው? ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ የገባው የጋሞ ሸማኔ ነው። እንጦጦ ሥር ሰፈር መሠረተ፣ ገበያ አቆመ፣ ከተማውን አለበሰ። እሱ ያለ ጢስ ሰፈር አቀና፤ ካንተ የወጣው ጢስ ብቻ ነው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አወጁ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ አንተ ጋ ግን አልደረሰም። አዋጁ የሚመጣው በእግሩ ነው እንዴ? በእግሩም ቢሆን እኮ ይደርስ ነበር!

ኢኮኖሚስት ነኝ ካልክም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አንብብ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከታተመ መቶ ዓመት አልፎታል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራውን የሚገዛ አገር እንደሚከስር ያስረዳል። ስለዚህ የቆላው ጥጥ እዚሁ ይፈተል፣ እዚሁ ይሸመን፣ ዋጋውም ከደላላ ኪስ ወጥቶ ለሠራው ይድረስ። ፋብሪካና ሸማኔ ድርና ማግ ናቸው፤ አንተ መሃል ገብተህ ቋጠሮ አትሁን።

አሁንም ሸማኔን መናቅ ካማረህ መብትህ ነው። መጀመሪያ ግን ጋቢውን አውልቀህ መልስለት፤ ከዚያ እንከራከራለን። ቦታው ደጋው ጨንቻ፣ ሰዓቱ ሌሊት!