ጣሪያው የሚታጠፍ መርሴዲስ

አሜሪካ ውስጥ 20 ዓመት ያለፈው ኤስኤል 500 መርሴዲስ አንዳንዴ ከደህና ኮሮላ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ገዢው ብልጥ ይባላል፤ እንዲህ የሚለውም ሻጩ ነው። የብረት ጣሪያው አዲስ ሳለ በ16 ሴኮንድ ተጣጥፎ ከኋላ ይገባ ነበር። አሁን ግን ግማሽ ላይ ቆሞ ያሰላስላል፣ በተለይ ዝናብ ሲጀምር። አካሉን በዘይት ግፊት የሚያመጣጥነው ሥርዓት ካፈሰሰ ደግሞ መኪናው ሲያጎነብስ ያድራል፤ ጎረቤት ለጌታው የሰገደ ይመስለዋል። (የሚሰግደው ለመካኒኩ ነው።) የረከሰው መኪናው እንጂ መለዋወጫው አይደለም፤ እሱ ዛሬም ከ80 ሺህ ዶላር በላይ የወጣበት መኪና ዕቃ ነው። ሊገዙ ካሰቡ የመካኒክዎ ልጆች ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከእንግዲህ የሚያስተምሯቸው እርስዎ ነዎት።