እባካችሁ በ«ሩ» አትጨርሱብን

ጃፓን ውስጥ ተቀጥረን የምንሠራ ሰዎች ዐርብ ማታን በደንብ እናውቃታለን። እራቱ ተበልቷል፣ ቢራው ተጠጥቷል፣ ሒሳቡ ተከፍሏል፤ ሰው ኮቱን ለብሶ ወደ ባቡር ጣቢያ ሊያመራ ሲል ከመሃል አንዱ «ኒጂካይ!» ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው ዙር ማለቱ ነው። ሁለተኛው ዙር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካራኦኬ ነው። አልሄድም ማለት መብት ነው፤ ሰኞ ጠዋት «ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?» የሚለውን ሁሉ የሚችል ጀርባ ያለው ይጠቀምበት። እኛ ግን እንሄዳለን።

ክፍሏ መስኮት የላትም። ካራኦኬ ቦክስ የሚሉት ነገር በ1985 ኦካያማ ውስጥ ሲጀመር ከአሮጌ የጭነት ኮንቴነር የተሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሶፋው ለሰለሰ እንጂ አየሩ እምብዛም የተሻሻለ አይመስለኝም። ጠማህም አልጠማህም በነፍስ ወከፍ አንድ መጠጥ ማዘዝ ግዴታ ነው፤ በረዶው ከሻዩ የሚበልጥ ኡሎንግ ሻይ ይመጣልሃል። ታምቡሪኑን የሚያነሳው ሁልጊዜ ምት የማያውቀው ሰው ነው፤ ይህ ለምን እንደሚሆን የሚነግረኝ አጥቻለሁ። ከዚያ ዴንሞኩ የሚሏት ታብሌት ከእጅ ወደ እጅ መዞር ትጀምራለች። ሰቀቀኑም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ምን ይመረጣል? የክፍላችን ኃላፊ፣ ቡቾ የምንላቸው፣ ለጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው። አዲስ ዘፈን ከመረጥክ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርተው በጨዋነት ያጨበጭቡልሃል፤ ያ ጭብጨባ ከስድብ ይብሳል። የድሮ ከመረጥክ፣ የኢሺካዋ ሳዩሪን የ1986 «አማጊ ጎኤ» ወይም ሚሶራ ሂባሪ ባረፈችበት በ1989 ያወጣችውን «ካዋ ኖ ናጋሬ ኖ ዮ ኒ»፣ የቡቾ ዓይን ይረጥባል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ስልካቸው ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱን ያስታረቀ ዘፈን ካለ ንገሩኝ። ከ1995 ጀምሮ ያልሞተው የኢቫንጌሊዮን ካርቱን መክፈቻ አለ እንዳትሉኝ፤ እሱን ሁሉም ስለሚያውቀው ሁሉም ይጮኽበታል፣ ዘፋኙ የማን እንደሆነም አይለይም።

በዚህ ላይ እኛ ሐበሾች የራሳችን ቀንበር አለብን። ኤንካ የሚሉት የድሮ ዘፈን ዜማው እንደ ትዝታ አምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ አንጀታችን ቶሎ ይቀበለዋል። አንድ ቀን ከዘፈንነው ግን አለቀልን፤ አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር «እሱ እኮ ኤንካ ይችላል!» እየተባለ መታያ እንሆናለን። ጥላሁን ገሠሠ «ጃፓኗን ወድጄ» ብሎ የዘፈነላት አገር ማሽን ውስጥ ጥላሁንን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ የሰው ናፍቆት ነው የምናፍቀው።

የወጣቶቹን ልሞክር ያለም አይቀናውም። የዮአሶቢ ዘፈን መተንፈሻ የለውም። ካንጂ ከሚሉት የቻይና ፊደል ራስ ላይ ለማንበብ የምትረዳ ካና የሚሏት ትንሽ የድምፅ ፊደል ተጽፋለች፤ ዓይንህ እሷን ፈልጎ እስኪያገኝ ቀለሙ ቃሉን አልፎ ሄዷል። ሲያልቅ ማሽኑ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ብቻ ቢሆን በተቻለ፤ ድምፅህ ከዜማው መስመር የወጣበትንና የወረደበትን ዘርዝሮ፣ ስንት ጊዜ እንዳርገበገብክ ቆጥሮ፣ የአገሩ ሰው በዚያ ዘፈን በአማካይ ያገኘውን ከጎንህ ጽፎ ያሳይሃል። ሠራተኛን መገምገም በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር።

ይህን የምርጫ ጭንቅ ያቀልላል ተብሎ ነው እንግዲህ ሺሪቶሪ የገባብን። ጨዋታው የልጆች ነው፤ አንዱ ቃል ይጠራል፣ ቀጣዩ ያ ቃል ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ሌላ ቃል ያመጣል። የጃፓን ካና እንደ እኛው ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይዞ ስለሚሄድ ነገሩ ይመቻል። ለብቻዋ የቆመችው «ን» ናት፤ በእሷ የሚጀምር ቃል ስለሌላቸው በ«ን» የጨረሰ ሰው ተሸነፈ። የተባለ ቃል አይደገምም። በካራኦኬ ሲሆን በቃል ፈንታ የዘፈን ርእስ ይገባል፤ የእሱ ርእስ ባለቀበት ፊደል የአንተ ይጀምራል። ሲነገር ያምራል። ዘፈኑን ፊደል ይመርጥልሃል፣ ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያለህ ብሎ የሚወቅስህ የለም።

ሲነገር ነው። መቼም ሰው የሚወደው ዘፈን በ«ን» ማለቅ ይወዳል፤ የዮኔዙ ኬንሺ «ሌሞን» በ«ን»፣ የስፒትስ «ሮቢንሶን» በ«ን»። ከሁለቱ አንዱን ዘፍነህ ከመውደቅ የማትችለውን ዘፍነህ መትረፍ ይሻላል ይሉሃል። ይህንስ እሺ። የሚያንገበግበው «ሩ» ነው።

ጃፓንኛ በጥንት ቃላቱ መጀመሪያ ላይ የ«ረ»ን ድምፅ አያስገባም፤ በ«ሩ» የሚጀምሩት ቃላት ጥቂትና አብዛኞቹም ከውጭ የመጡ ናቸው። በ«ሩ» የሚያልቁ ግሦች ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ በጨዋታቸው ስም እንጂ ግሥ አይፈቅዱም። ዘፈን ግን ይህ ወንፊት የለውም። ርእስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ዓረፍተ ነገርም እንደ እኛው በግሥ ያልቃል፤ «ዮሩ ኒ ካኬሩ» ይልልሃል፣ በ«ሩ»። በሕፃናት ጨዋታ ላይ አዋቂዎች ያደረጉት ማሻሻያ ይኸው ነው፤ በሩን ከፍተው «ሩ»ን ለቀቁብን።

የአንድ ምሽቱን ልንገራችሁ። አንዷ በአይሚዮን «ማሪጎሩዶ» ጀመረች፤ በ«ዶ» አለቀ። ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ የዩሪን «ዶራይፉራዋ» አመጣ። የዚህ ርእስ መጨረሻ በካና ሲጻፍ ድምፁን የምትስብ ሰረዝ አለችበት። ሰረዟን ትተን በ«ዋ» እንቀጥል ወይስ የተሳበውን «አ» እንውሰድ? ሁሉም በልጅነቱ ያደገበትን ሕግ ነው የሚያውቀው፣ ያም ሕግ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ እናቱን እየጠቀሰ ተከራከረ። ክርክሩ ከዘፈኑ በላይ ፈጀ፤ ክፍሉ የሚከፈልበት ደግሞ በሰዓት ነው። «ዋ» ቢባል የሞሪታካ ቺሳቶ «ዋታራሴባሺ» ነበረች፣ ሁሉም በሰላም ያድር ነበር። «አ» ይሁን ተባለ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ጥቂት እንኳ ሳታስብ «አይዶሩ»ን አስገባች። ዘፈነችው፤ ይባስ ብላ አሳምራ ዘፈነችው። «ሩ» እኔ ላይ ወደቀ።

በ«ሩ» የሚጀምር ዘፈን ሲባል ዕድሜው የገፋ ጃፓናዊ ሁሉ የሚያስባት «ሩቢ ኖ ዩቢዋ»ን ነው። ተዋናዩ ቴራኦ አኪራ በ1981 ተጫውቷት በኦሪኮን ሰንጠረዥ 10 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ የቆየች፣ የዓመቱንም የሪከርድ ሽልማት የወሰደች ዘፈን ናት። ወደ ላይ የምትወጣበት ቦታ የላትም፣ እያወራህ ትጨርሳታለህ፤ በ«ዋ» ስለምታልቅም ማንንም አትጎዳም። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት እሷን ነበር። ቡቾ ግን ጨዋታው ሳይጀመር «ጉሮሮዬን ላሙቅ» ብለው ዘፍነዋታል። ከጨዋታው በፊት የተዘፈነ አይቆጠርም አልኩ። ዛሬ የተዘፈነ አይደገምም ተባለ። ለአለቃ ሲሆን ሕግ ወደ ኋላም ይሠራል።

ቀጥሎ የምትመጣው አራይ ዩሚ በ1975 ያወጣቻት «ሩጁ ኖ ዴንጎን» ናት፤ በ1989 ሚያዛኪ ስለ ትንሿ ጠንቋይ ኪኪ በሠራው ፊልም መግቢያ ላይ ስለገባች ልጅ አዋቂው ያውቃታል። ክፍሉ በሙሉ «እሷ አለች!» ብሎ ጮኸልኝ። መጨረሻዋን እዩት፤ «ን» ናት። የተረፈችኝ የማትሱዳ ሴይኮ «ሩሪኢሮ ኖ ቺክዩ» ነበረች፤ ዝግ ያለች፣ የተማሪ መዘምራን የሚወዷት፣ የሴት ድምፅ የምትፈልግ፣ ከታምቡሪን ጋር ፈጽሞ የማትስማማ። ዘፈንኳት፤ ታምቡሪኑ ግን አላረፈም። በ«ኡ» ስታልቅ ቀጣዩ ሰው የሳካሞቶ ክዩን የ1961 «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» አመጣ። እሷ ደግሞ በ«ኡ» ጀምራ በ«ኡ» የምታልቅ ናት፤ ሰውዬው ራሱን አዳነና ያንኑ ፊደል ለጎረቤቱ አሻገረ።

በ«ን» የወደቀ ሰው ሲኖር ደግሞ አንድ ቀልደኛ አይጠፋም። «በ‹ን› የሚጀምር እኮ አለ፣ ንጃሜና!» ይላል፤ ጃፓናዊ ልጅ ሁሉ በሽሽት ጊዜ የሚያነሳት የቻድ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። አፍሪካዊ አይደለሁ? ስለ ንጃሜና የተዘፈነ ዘፈን አምጣ ይሉኛል። ከአዲስ አበባ ንጃሜና ስንት አገር አቋርጦ እንደሚደረስ ማስረዳት ከጀመርኩ የክፍሉ ሰዓት ይሄዳል፤ ስለዚህ እስቃለሁ።

ይህን ሁሉ ያመጣብንን የካራኦኬ ማሽን በ1971 ኮቤ ውስጥ የሠራው ኢኖዌ ዳይሱኬ የፈጠራ መብቱን ሳያስመዘግብ ቀረ፣ ገንዘቡን ሌሎች በሉት። በ2004 አሜሪካ ውስጥ በቀልድ የሚሰጠው የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት ደረሰው፤ ምክንያቱም ሰዎች እርስ በርስ መቻቻልን የሚማሩበት አዲስ መንገድ አበጅቷል የሚል ነበር። ተቻቻሉ የተባልነው እኛ ነን እንግዲህ። ሰዓቱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው የግድግዳው ስልክ ይጮኻል፤ ሁላችንም በልባችን ተመስገን እንላለን። ቡቾ ስልኩን አንስተው «አንድ ሰዓት ይጨመርልን» ይላሉ።

ስለዚህ ልመናዬ ብዙ አይደለም። የሰረዟን ነገር መጠጥ ሳይታዘዝ ወስኑልን። በ«ሩ» የሚያልቅ ዘፈን ያማራችሁ ጨዋታው ሳይጀመር ዘፍናችሁ ይውጣላችሁ። ታምቡሪኑን ከሶፋው ሥር ክተቱት። ቡቾም፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ «ሩቢ»ን አንድ ቀን እንኳ ይተዉልኝ።